የፊት መብራት ሪሌ ትርፍ ነገር ነውን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቆዩ መኪኖች የፊት መብራት ላይ ሪሌ (በትንሽ ኮረንት ታዝዞ ትልቅ ኮረንት የሚያገናኝ ማብሪያ) መግጠም ከንቱ ድካም ነው የሚል አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤአለሁ። የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ እንዲህ ነው፤ የፋብሪካው ሽቦ ለተሠራለት አምፖል በቂ ነው፤ በአምፖሉ ሶኬት ላይ የለኩት ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር እኩል ስለሆነ በመንገድ ላይ የሚባክን ነገር የለም፤ መብራቱ የደከመበት ሰው መገናኛዎቹን ያጽዳ፣ ካልበቃውም ባለ 100 ዋት አምፖል ይግጠም ወይም ወደ ኤልኢዲ ይለውጥ፤ ሪሌ ግን ዲናሞውን ያደክማል፣ የአምፔር መለኪያውን ያሳስታል፣ በሌሊት ጉዞ ላይ ከተበላሸም ሾፌሩን ጨለማ ውስጥ ይጥለዋል፤ የመኪናውንም ነባር መልክ ያበላሻል፤ ሪሌ መግጠም የግድ ከሆነም ማንኛውም ሪሌ ይሆናል፣ ከባትሪው የሚመጣው ሽቦም ፊውዝ ባይኖረው ይሻላል። ጽሑፉ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው፤ ጸሐፊውም መኪናቸውን በገዛ እጃቸው የሚጠግኑ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ ትክክል ነው፤ ሌሎች ሁለት ሦስቱም የእውነት ቅንጣት አላቸው። ክርክሩ ሁሉ የቆመበት ልኬት ግን ስሕተት ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ጸሐፊው እንደገለጹት አምፖሉን ነቀሉ፣ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች ወደ ባዶው ሶኬት አስገቡ፣ ማብሪያውን ከፈቱና 12.6 ቮልት አነበቡ፤ ባትሪው ላይም 12.6 ነበር። ይህን ንባብ አልጠራጠርም። የሚያረጋግጠው ግን ሽቦው አለመበጠሱን ብቻ ነው። በአንድ መስመር ላይ የሚባክነው ቮልቴጅ የመስመሩ ሬዚስታንስ (ኮረንትን የመግታት መጠኑ) በሚያልፍበት ኮረንት ተባዝቶ የሚገኝ ነው፤ አምፖሉ ሲነቀል ደግሞ በመስመሩ የሚያልፈው መልቲሜትሩ ራሱ የሚወስደው ኮረንት ብቻ ይሆናል። የዛሬ ዲጂታል መልቲሜትሮች ውስጣዊ ሬዚስታንስ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ስለሆነ፣ ያ ኮረንት ከአንድ አምፔር አንድ ሚሊዮንኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። ከሽቦው ክሮች አንዲቱ ብቻ ብትቀር፣ ማብሪያው ውስጡ ቢጠቁር፣ ማሳው (ኮረንቱ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ግንኙነት) በዝገት ቢሸፈን እንኳ ባዶው ሶኬት 12.6 ቮልት ማሳየቱን አይተውም። ጫፉ የተዘጋ ቧንቧ ውስጡ በደለል ቢሞላም ግፊቱ ከመነሻው ጋር እኩል ሆኖ እንደሚታይ ማለት ነው፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ውኃው መፍሰስ ሲጀምር ነው።

ብክነት የሚለካው አምፖሉ በቦታው እንዳለና እየበራ ነው። ሞተሩ ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ከፍ ብሎ እንዲሠራ ይደረግና የመልቲሜትሩ ቀይ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ ደግሞ በአምፖሉ የኮረንት መግቢያ ላይ ይቀመጣል፤ የሚነበበው ቁጥር በመሄጃው መንገድ የጠፋው ቮልቴጅ ነው። ቀጥሎ ቀዩ ጫፍ በአምፖሉ የማሳ መውጫ ላይ፣ ጥቁሩ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ሲሆን በመመለሻው የጠፋው ይነበባል። የሁለቱ ድምር የመስመሩ ጠቅላላ ኪሳራ ነው። ሥራው ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ጸሐፊው ይህን አድርገው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ጽሑፍ እናነብ ነበር።

ምን ያህል ሊያነቡ ይችሉ እንደነበር በሒሳብ መገመት ይቻላል። ባለ 60 እና 55 ዋት ሁለት ኤች4 አምፖሎች (የረጅሙንና የአጭሩን መብራት ክሮች በአንድነት የያዙ) አብረው ሲበሩ 10 አምፔር ያህል ይወስዳሉ። በብዙ የቆዩ መኪኖች ይህ ኮረንት ከባትሪው ተነሥቶ፣ ወደ ሾፌሩ ፊት ወዳለው ማብሪያ ገብቶ፣ ከዚያም ረጅሙንና አጭሩን መብራት ወደሚለዋውጠው ስዊች (በአንዳንዶቹ በእግር የሚረገጥና ወለሉ ላይ አቧራና እርጥበት የሚጠጣ ነው) ወርዶ፣ እንደገና ወደ ፊት ይመለሳል። ሁለቱም አምፖሎች የሚጋሩት የሽቦ ርዝመት 4.5 ሜትር፣ ለየብቻ የሚሄዱት ደግሞ 1.5 ሜትር ነው እንበል፤ የሽቦው ውፍረትም 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። የአንድ ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ሬዚስታንስ በሜትር 17.5 ሚሊኦም ያህል ስለሆነ፣ በንጹሑ ሽቦ ብቻ 0.6 ቮልት ይጠፋል። በዚህ ላይ ማብሪያው፣ የመለዋወጫው ስዊችና ሁለት ማገናኛዎች እያንዳንዳቸው በእርጅና 20 ሚሊኦም ቢጨምሩ ሌላ 0.8 ቮልት ይሄዳል። ማሳው ላይ 0.2 ቮልት ቢጠፋ ጠቅላላው 1.6 ቮልት ይሆናል። ዲናሞው ባትሪውን 13.5 ቮልት ላይ ቢይዘውም አምፖሉ ጋ የሚደርሰው 11.9 ነው። የወሰድኳቸው ቁጥሮች ሁሉ መካከለኛ ናቸው፤ ከዚህ የባሰ መስመር ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም።

1.6 ቮልት ትንሽ ቢመስልም የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ጋር እኩል በእኩል አይወርድም፤ በሒሳብ አነጋገር ከቮልቴጁ 3.4ኛ ፓወር ጋር ተያይዞ ይወርዳል። 10 በመቶ ቮልቴጅ ያጣ አምፖል 30 በመቶ ያህል ብርሃን ያጣል። ከላይ ባለው ምሳሌ አምፖሉ በ13.5 ቮልት ከሚሰጠው ብርሃን የሚቀረው 65 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረውም ወደ ብጫ ያደላል። የስድስት ቮልት መኪና ባለቤት ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ለተመሳሳይ ዋት ኮረንቱ እጥፍ ስለሆነ የሚጠፋው ቮልት እጥፍ ይሆናል፣ መነሻው ቮልቴጅ ግማሽ ስለሆነም ኪሳራው በመቶኛ ሲሰላ አራት እጥፍ ይደርሳል።

እንግዲህ ሪሌ የሚሠራው ምንድን ነው? ጽሑፉ ሪሌ ኃይል ይጨምራል ብለው የሚያስቡ ሰዎችን ይነቅፋል፤ በዚህ እስማማለሁ፣ ምንም ኃይል አይጨምርም። ሪሌ መንገድ ያሳጥራል። ከማብሪያው የሚመጣው አሮጌ ሽቦ ከእንግዲህ አምፖሉን መመገቡ ቀርቶ የሪሌውን ጥቅልል (ኮረንት ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ ኮንታክቱን የሚያገናኘውን ሽቦ) ብቻ ያነቃል፤ ጥቅልሉም የሚፈልገው 0.15 አምፔር አካባቢ ነው። ያው ያረጀ ማብሪያ፣ ያው ያረጀ ሽቦ በ10 አምፔር ፈንታ 0.15 አምፔር ሲያልፍበት ከአንድ ቮልት በላይ የነበረው ኪሳራ ወደ 0.02 ቮልት ይወርዳል፤ ያ ቢበዛ እንኳ ባለ 12 ቮልት ሪሌዎች በአብዛኛው 8 ቮልት ገደማ ሲደርሳቸው ስለሚስቡ ጉዳት የለውም። አምፖሉን የሚመግበው ኮረንት በአዲስ፣ አጭርና ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ይመጣል። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ፊውዞቹና የሪሌው ኮንታክት ጭምር ተቆጥረው፣ አዲስ የማሳ ሽቦም ተጨምሮ ጠቅላላው ኪሳራ 0.3 ቮልት አካባቢ ነው። አምፖሉ 13.2 ቮልት ያገኛል፤ ብርሃኑም በ11.9 ቮልት ይሰጥ ከነበረው በ42 በመቶ ይበልጣል። አምፖሉ ያው አምፖል ነው፣ ብርሃኑን የሚያንጸባርቀው መስተዋትም ያው መስተዋት ነው።

መገናኛዎችን ስለማጽዳት የተባለውን አልቃወምም። እንዲያውም ማንም ሰው ሪሌ ከመግዛቱ በፊት ያጽዳና ይለካ፤ ካጸዱ በኋላ ድምሩ ከ0.5 ቮልት ካልበለጠ ሪሌው ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን ጽዳት የሽቦውን ርዝመት አያሳጥርም፣ ውፍረቱንም አይጨምርም፤ ማብሪያው ላይ የሚያልፈውንም 10 አምፔር አይቀንስም።

ስለ ባለ 100 ዋት አምፖል የቀረበው ምክር ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ አምፖሎች 16 አምፔር ተኩል ገደማ ይወስዳሉ፤ በዚያው አሮጌ መስመር ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅም በዚያው ልክ ያድጋል። ከዚህ የሚከፋው ሙቀቱ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ኮንታክት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በኮረንቱ ስኩዌር ነው። 20 ሚሊኦም ያለው የማብሪያ ኮንታክት በ10 አምፔር 2 ዋት ያመነጫል፤ በ16 አምፔር ተኩል 5 ዋት ተኩል ይደርሳል። ከጥፍር በማይበልጥ የናስ ቁራጭ ላይ የተከማቸ 5 ዋት ስፕሪንጉን ያላላል፣ ኮንታክቱን ያጠቁራል፣ የጠቆረው ኮንታክት ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ደግሞ ይብስ ይግላል። ማብሪያው በሚከፈትባት ቅጽበት ቀዝቃዛው የአምፖል ክር ከመደበኛው ኮረንት እስከ አሥር እጥፍ ሊስብ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። ለቆየ መኪና ትክክለኛውን ማብሪያ ፈልጎ ማግኘት ስንት ድካም እንዳለው የሚያውቅ ሰው ይህን ጭነት በፈቃዱ አይጨምርበትም። ለመንገድ የጸደቀው ኤች4 አምፖል ባለ 60 እና 55 ዋቱ መሆኑንና ከእርሱ የበለጠው ከፊት ለሚመጣው ሾፌር ዓይን ምን እንደሚያደርግ ጽሑፉ አላነሣም።

ኤልኢዲን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የሚወስደው ኮረንት አነስተኛ ስለሆነ የሽቦው ኪሳራ እንደሚቀንስ እውነት ነው። ሆኖም የቆየው መብራት አንጸባራቂ መስተዋትና የፊት መስታወቱ የተቀረጹት ብርሃኑ ከአንዲት ቀጭን ክር፣ ከአንድ የታወቀ ቦታ እንደሚወጣ ታስቦ ነው፤ የብርሃን ምንጩ ቅርጽና ቦታ ሲለወጥ ብርሃኑ ወደ ማይፈለግበት ይበተናል፣ የአጭሩ መብራት የላይኛው ወሰንም ይደበዝዛል።

ዲናሞውን ያደክማል የተባለው ከፊል እውነት አለው። አምፖሉ ሙሉ ቮልቴጅ ሲያገኝ በእርግጥ የበለጠ ኮረንት ይወስዳል። ምን ያህል? ከ11.9 ወደ 13.2 ቮልት ሲወጣ ኮረንቱ የሚጨምረው በ6 በመቶ አካባቢ ነው፤ ምክንያቱም የክሩ ሬዚስታንስ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ያድጋል። ቀድሞ ሽቦውን ሲያሞቅ የነበረው ኃይል አሁን ብርሃን ይሆናል እንጂ ከሰማይ አይመጣም። የሪሌው ጥቅልል ድርሻ ቢጨመርበት እንኳ ዲናሞው ላይ የተጫነው ትርፍ ሸክም አንድ አምፔር አይሞላም። በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ የነበረው የሉካስ ሲ40 ዲናሞ የሚሰጠው ቢበዛ 22 አምፔር መሆኑን አውቃለሁ፤ መብራት፣ ዋይፐርና ማሞቂያ አብረው ሲሠሩ ለባትሪው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሚኒሞ ላይ ደግሞ ዲናሞ ከናካቴው ስለማያመነጭ ሸክሙ ሁሉ ባትሪው ላይ ይወድቃል። ይህን ሪሌው አላመጣውም፣ ሪሌውም አያድነውም፤ በቆመ መኪና ላይ መብራቱ ሲደበዝዝ አይተው ሪሌ የሚገጥሙ ሰዎች ያዝናሉ።

እግረ መንገዴን ጸሐፊው ያላነሡትን አንድ እውነተኛ ጉዳት ላንሣላቸው። ሲራብ የኖረ አምፖል ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሙሉ ቮልቴጅ ሲያገኝ ዕድሜው ወደ ተሠራለት ልክ ይመለሳል። የዲናሞው ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ክፍል) ከ14.5 ቮልት በላይ የሚለቅ ከሆነ ግን አምፖሎቹ በተከታታይ ይቃጠላሉ፤ ስለዚህ ሬጉሌተሩ አስቀድሞ መለካት አለበት።

የአምፔር መለኪያውን ያሳስታል የተባለው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ብዙዎችም የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የአምፔር መለኪያ ባለው መኪና የሪሌው ምግብ ከባትሪው ጫፍ ከተወሰደ፣ ከዲናሞው የሚመጣው የመብራት ኮረንት በመለኪያው አልፎ ወደ ባትሪው ከሄደ በኋላ ነው ወደ መብራቱ የሚዞረው። መርፌዋም መብራቱ በበራ ቁጥር ባትሪው 10 አምፔር የሚሞላ አስመስላ ታሳያለች። መፍትሔው ግን ሪሌውን መተው አይደለም፤ ምግቡን ከመለኪያው በወዲያኛው ወገን፣ ማለትም የመኪናው ሌሎች ዕቃዎች ሁሉ ከሚመገቡበት ከዲናሞው ወይም ከሬጉሌተሩ መውጫ መውሰድ ነው። አምፔር መለኪያ በሌለው መኪና ይህ ጥያቄ አይነሣም። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በሆነበት እንደ ቮልስዋገን ቢትል ባለ መኪና ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከባትሪ እስከ ፊት ያለው ርቀት ረጅም ስለሆነ ለዋናው ምግብ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ያንሳል፣ 4 ወይም 6 ይሻላል።

ሪሌው ቢበላሽ ሾፌሩ ጨለማ ውስጥ ይቀራል የሚለው ስጋት እንደ ሽቦው አሠራር ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ጸሐፊው ያሰቡት በአንድ ሪሌ ረጅሙንም አጭሩንም መብራት የሚነዳውን አሠራር ይመስላል፤ እርሱን እኔም አልደግፍም። ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ ሌላ ሪሌ ሲገጠም አንዱ ቢሞት ሾፌሩ ወደ ሌላው ይቀይራል። ነባሩ ማብሪያ ግን ሲቃጠል ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ የብልሽት ስጋት ከተመዘነ ሚዛኑ ወደ ጸሐፊው ወገን አያደላም። የሪሌው እግሮች ቁጥር የታወቀ ነው፤ 30 ከባትሪ የሚገባበት፣ 87 ወደ አምፖል የሚወጣበት፣ 85 እና 86 የጥቅልሉ ሁለት ጫፎች ናቸው። መለዋወጫ ሪሌ ይዞ መጓዝም ቀላል ነው፣ ግን በጭፍን አይሰካም። ሁለት ዓይነት የእግር አቀማመጥ ስላለ በአንዱ የ30 ቁጥር እግር ያለበት ቦታ በሌላው የ86 ነው። አምስት እግር ያለው ሪሌ ሲሆን ደግሞ መካከለኛዋ እግር በአንዳንዱ 87፣ በሌላው 87ኤ ናት፤ 87ኤ ጥቅልሉ ባልነቃበት ጊዜ ከ30 ጋር የተገናኘች ናት፤ አምፖል ከእርሷ ላይ ከታሰረ መኪናው ቆሞ ቁልፉ ተነቅሎ ሳለ ይበራል፣ ባትሪውም በማግስቱ አይነሣም።

ማንኛውም ሪሌ ይሆናል የሚለው አስተያየት በአንድ ተጨማሪ ምክንያት መታረም አለበት። አንዳንድ ሪሌዎች ጥቅልሉ ሲቋረጥ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ ንዝረት ለመዋጥ በውስጣቸው ዳዮድ (ኮረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አላቸው። እንዲህ ላለው ሪሌ 86 የግድ ወደ ፖዘቲቭ፣ 85 ወደ ኔጋቲቭ መሆን አለበት፤ ከተገለበጠ ኮረንቱ በዳዮዱ በኩል አቋርጦ ያልፋል፣ ዳዮዱን ወይም የማብሪያውን ሽቦ ያቃጥላል። ቦዲያቸው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር በታሰረ የቀድሞ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ 86 ወደ ቦዲው፣ 85 ከማብሪያው ወደሚመጣው ሽቦ ይሄዳል። ዳዮድ የሌለው ሪሌ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል።

አሁን ወደ ፊውዙ እመለሳለሁ፤ ከጽሑፉ ውስጥ በዝምታ ሊታለፍ የማይገባው ምክር ይህ ነው። ጸሐፊው ፊውዝ ቮልቴጅ ይበላል፣ ሲቃጠልም መብራቱን ያጠፋል፣ ፋብሪካውም ለፊት መብራት ፊውዝ አላደረገም ይላሉ። የመጨረሻው በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ እውነት ነው፤ በአንድ ፊውዝ መቃጠል ሁለቱም መብራቶች በጉዞ ላይ እንዳይጠፉ ሲባል የፊት መብራቱ መስመር ያለ ፊውዝ ይተው ነበር። ሪሌ የሚመግበው አዲስ ሽቦ ግን በማብሪያ አይዘጋም፤ ሌት ተቀን፣ ሾፌሩ ተኝቶ እያለ ጭምር ኮረንት አለበት። ሽፋኑ በኮፋኖው ሥር ባለ ስለታም ብረት ተፍቆ ቦዲውን ቢነካ፣ ጤነኛ ባትሪ ብዙ መቶ አምፔር ሊለቅበት ይችላል፤ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በዚያ ኮረንት በሰኮንዶች ውስጥ ይቀላል፣ ሽፋኑም ይነዳል። ፊውዙ የሚጠብቀው አምፖሉን አይደለም፣ ሽቦውን ነው፤ ስለዚህም ቦታው ከባትሪው በስንዝር ርቀት ውስጥ ነው፤ ሪሌው አጠገብ ብቻ የተቀመጠ ፊውዝ ከባትሪው እስከ እርሱ ያለውን ሽቦ አይጠብቅም። ቮልቴጅ ይበላል ለተባለው፣ ባለ 10 አምፔር ጠፍጣፋ ፊውዝ ሬዚስታንሱ ከ10 ሚሊኦም በታች ስለሆነ አንድ አምፖል 5 አምፔር ሲያሳልፍበት የሚጠፋው 0.05 ቮልት እንኳ አይሞላም። ጨለማውን በተመለከተ፣ እኔ የምሠራው ለእያንዳንዱ ሪሌ የራሱን ምግብ ከባትሪው በባለ 20 አምፔር ፊውዝ በማምጣት፣ ከሪሌው ወዲያ ደግሞ ለግራና ለቀኝ አምፖል ለየብቻ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ በማስገባት ነው። አንድ ሽቦ ቢነካካ የሚጠፋው አንድ ወገን፣ ቢበዛም አንድ ዓይነት መብራት ብቻ ነው፤ ለአንድ ኤች4 ረጅም ክር 10 አምፔር ሰፊ ነው።

የመኪናውን ነባር መልክ ያበላሻል የሚለው ቅሬታ የሚነሣው ሽቦ ሲቆረጥ ነው። መቁረጥ ግን አያስፈልግም፤ ከአምፖሉ ላይ የተነቀለው ነባር ሶኬት በአዲሱ ሽቦ ላይ ባለ ወንድ ማገናኛ ውስጥ ይሰካና ሪሌዎቹን የሚያነቃው እርሱ ይሆናል። አንድ ወገን ብቻ ለዚህ ይበቃል፤ የሌላው ወገን ሶኬት በላስቲክ ተሸፍኖ ይታሰራል። መኪናውን እንደ ነበረ መመለስ የፈለገ ሰው ሶኬቶቹን ወደ አምፖሎቹ ይመልሳል። ሪሌዎቹ እግራቸው ወደ ታች ሆኖ፣ ከጭስ ማውጫው ርቀው፣ ውኃ በማይረጭበት ቦታ ይታሰሩ።

የቀረው ማሳ ነው፤ ጸሐፊው የመብራቱ ማቀፊያ ከቦዲው ጋር ከተገናኘ ይበቃል ብለው አልፈውታል። ወደ አምፖሉ የሄደው እያንዳንዱ አምፔር የሚመለሰው በዚሁ ነው። ቀለም የተቀባ ማቀፊያ፣ ዝገት የያዘ ብሎንና ፓራፋንጎውን ከቦዲው ጋር ያያያዙ ብሎኖች ሁሉ የመንገዱ አካል ሲሆኑ ሪሌው ያዳነውን ቮልቴጅ ማሳው ይበላዋል። ከእያንዳንዱ አምፖል የማሳ መውጫ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ወደ ተፋቀና ወደ ነጣ ብረት፣ የሚቻል ከሆነም በቀጥታ ወደ ባትሪው ማሳ መውሰድ ያስፈልጋል፤ የሪሌዎቹ ጥቅልሎችም እዚያው ይታሰሩ። ሥራው ካለቀ በኋላ አምፖሉ እየበራ ከማሳ መውጫው እስከ ባትሪው ድረስ ሲለካ ከ0.1 ቮልት በላይ የሚያሳይ ከሆነ ብሎኑ ይፈታ፣ ብረቱ እንደገና ይፋቅ፣ ይጥበቅና እንደገና ይለካ።